እጆቼ ላይ የተቀመጥኩበት ክረምት

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዬ ሰላም ፕላስተሩን ልጣ ጥላው አገኘኋት። ኪቦርዴ ላይ፣ ከድምፅ መጨመሪያው አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ትራንስፖዝ ይሏታል። ጣቶችሽን ከለመዱት ቦታ ሳታነሺ ድምፁን ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የምትወስድልሽ ቁልፍ ናት። እኔ እሷን በቁስል ፕላስተር ሸፍኛታለሁ። አዲስ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው፤ መልሴም አንድ ነው፤ ታማለች፣ አትንኳት እላለሁ።

ሰላም የምትሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ልብስ ስፌት ነው። ከፈረቃ ስትወጣ የክር ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ መቐለ ሮማናት አካባቢ ወደተከራየኋት ክፍል ትመጣለች። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ ለመዘምራን ትጫወታለች። ፕላስተሩን ስለላጠች ተቆጣኋት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ «ቲቸር፣ ዘማሪው ከጀመረ በኋላ እኔ ኮርድ እስክፈልግ ማን ይጠብቀኛል? ቁልፏን ጫን አድርጌ እገባለሁ እንጂ» አለችኝ። በእሷ ዕድሜ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ያውም በባሰ አፍ። መጣሁ ብያት በረንዳው ላይ ወጣሁና ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ።

እኔ ድሮም ቁጭ ማለት አልተሰጠኝም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ይቺን ልጅ እሳት ላይ ነው የወለድናት» ይል ነበር። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ያለውን ወንበር በጣቶቼ ስደበድብ ተሳፋሪ ዞሮ ያየኛል። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚመክረኝ የለም።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ከደብረ ብርሃን ወደ መቐለ ሲዛወር ሕፃን ነበርኩ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ውጭ ትግርኛ እያልኩ አደግሁ። ከጓደኛ ጋር ጸሎት ቤት መሄድ የጀመርኩት ለመዝሙሩ ብዬ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። አዳራሹ ከከተማው በስተሰሜን፣ ወደ ውቅሮ ከሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። እዚያ አንድ ኪቦርድ ነበረች። ያስተማረኝ ሰው የለም። ካሴት እየሰማሁ፣ ነጭ ነጮቹን ቁልፎች እየነካካሁ ለመድኩት። ጥቁሮቹ ለጌጥ የተደረደሩ ነበር የሚመስለኝ። ዘማሪው ከየት ቢጀምር ግድ የለኝም፤ ትራንስፖዟን ጠቅ ጠቅ አድርጌ በዚያችው በነጮቹ ላይ እገባለሁ። ዘማሪው ትንፋሽ ሊወስድ አፉን ሲዘጋማ የኔ ሠርግ ነው፤ ጣቶቼ ላይ ታች ይሯሯጡልኛል። ወጣቶቹ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ያሻሉ። ኣደይ ለተብርሃን፣ እናቴ ለተብርሃን እንደማለት ነው፣ ደግሞ ስም አወጡልኝ፤ ማኪና አሉኝ። ስገባ ሲያዩ «መጣች ማኪና» ብለው መንገድ ይለቃሉ፣ የምገጫቸው ይመስል።

ኣደይ ለተብርሃን በዚያ ጊዜ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ነበሩ። ኪቦርድም ሆነ ማይክ ከመምጣቱ በፊት ምእመኑን የሚያስዘምሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ከአዳራሹ አልፎ አስፋልቱ ላይ ይሰማ ነበር ይባላል፤ እኔም ደርሼበታለሁ። በዚያ ዓመት የአንገታቸውን እንቅርት በቀዶ ጥገና አስወጡና ሲመለሱ ግን ድምፁ አብሯቸው አልመጣም። ወፍሯል፣ ወርዷል፣ እንዳሻው ይሰነጠቃል። ወራቱን ሁሉ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጠምጥመው አግዳሚው ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ሌላው ሲዘምር ከንፈራቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱም።

ክረምት ሲገባ የመዘምራኑ መሪ ኣያ ሐጎስ ለመናቸው። ኣያ ሐጎስ በሥራው ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ነገር ሲይዝ ለስላሳ ነው፣ ግን አይለቅም። ነሐሴ ላይ ለሚደረገው የምስጋና ፕሮግራም ራሳቸው ያወጡትን አንድ የትግርኛ መዝሙር እንዲዘምሩ ነበር የፈለገው። እኔ ከኋላ ሆኜ የኪቦርዱን ሽቦ ስጠቀልል የመለሱለትን ሰማሁ። «አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ሰው ፊት ድምፄ ከከዳኝ ግን፣ ሐጎስ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። ከዚያ በኋላ ጓዳዬ ይበቃኛል።»

አጃቢዋ ደግሞ እኔ ሆንኩ። ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ በምርጫቸውስ ማኪና ላይ አይሳፈሩም ነበር።

ልምምዱ እሳቸው ቤት ሆነ። ኪቦርዷን በጋቢ ጠቅልለን፣ ከዝናብ እየሸሸን በጭቃው እንወስዳታለን። በመጀመሪያው ቀን ኪቦርዷ ከጋቢዋ ተፈትታ ሳታልቅ ኣያ ሐጎስ አንድ ደንብ አወጣ። «ትርሲት፣ እጅሽን ጭንሽ ሥር አድርጊ» አለኝ። መዝሙሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስኪያልቅ እጆቼ ላይ ተቀምጬ ልሰማ ነው! ሲያልቅ እንደገና አለ። በነጋታውም እንዲሁ። ሁልጊዜ መዳፌ ላይ የወንበሩ ገመድ ታትሞ ነበር ወደ ቤት የምሄደው። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ እኔ ኪቦርድ ልጫወት ነው የመጣሁት ወይስ እንቁላል ልታቀፍ ብዬ ጮህኩበት። ኣያ ሐጎስ ፈገግ አለና «ታቀፊ፤ አንድ ቀን ይፈለፈላል» አለኝ። ኣደይ ለተብርሃን በሳቅ ፈረሱ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው መሰለኝ።

መስማቱን ሰማሁ፤ አልዋሽም። መዝሙራቸው እንደ ብዙዎቹ ዜማዎቻችን በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሄድ፣ ቀላል መዝሙር ነበር። እሳቸው ግን ቃሉ መሐል ላይ ያርፋሉ። አንዳንዴ አንድ ቃል ጀምረው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ደግሞ የሚጀምሩበት ድምፅ በየቀኑ ይለያያል፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ። ኣያ ሐጎስ ይቺን ቁልፍ ተያትና በጣቶችሽ ፈልጊያቸው፣ ጥቁሮቹንም ለጌጥ አልሠሯቸውም ይለኝ ነበር። ሞከርኩ፣ ጠፋብኝ፣ ሰለቸኝ። ዞር ባለ ቁጥር ጠቅ አደርጋታለሁ። ቀኑ ሲቃረብ እሱም ደከመውና ለኣደይ አንድ የመነሻ ድምፅ ቆርጠን እናስለምዳቸው፣ አንቺም ትራንስፖዝሽን እዚያ ላይ አድርገሽ ተቀመጪ አለኝ። የደስታዬን ነገር አትጠይቁኝ።

የበለስ ወቅት ነበር። አንድ ከሰዓት ልምምድ ጨርሰን ኣደይ ለተብርሃን በለስ በሰፌድ ይዘው ወጡ። በቢላ ጫፍና ጫፉን ቆርጠው፣ ጎኑን ሰንጥቀው፣ ልጣጩን እያጠፉ ያቀርባሉ። እኔ መቼ ልጠብቅ። እጄን ሰድጄ ያልተላጠውን አፈፍ አደረግሁትና ያ እንደ ፀጉር የሚቀጥን እሾኽ ጣቶቼን ሞላቸው። «ጽንሒ ጓለይ» አሉኝ፤ ቆይ ልጄ ማለታቸው ነው። ወረንጦ አምጥተው በር ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት አስቀመጡኝና አንድ በአንድ ይነቅሉልኝ ጀመር። እየነቀሉ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ሐኪሙ ድምፅሽ ይመለሳል ብሎኝ ነበር። የተመለሰው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። አላውቀውም፤ የት እንደሚሄድብኝ አላውቅም» አሉኝ። ያን ያህል እንደፈሩ እስከዚያች ሰዓት አልገባኝም ነበር። በለሱን ላጡና አጎረሱኝ፤ ጣቴ ያቃጥለኝ ነበር።

እሑዱ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ሰዉ ሁሉ በስብሶ ገባ፤ አዳራሹ የእርጥብ ነጠላና የጭቃ ጫማ ሽታ ሸተተ። ትራንስፖዙን ወደ ተስማማንበት አምጥቼ ሁለት ሦስቴ አየሁት። ኣደይ ለተብርሃን ማይኩን ያዙ። ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጭን መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተጠነቀቀ ሄደ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ አለፈ። ሁለተኛውን እንደጀመሩ ነጎድጓድ ጣሪያውን መታውና መብራት ሄደ። ማይኩም ኪቦርዷም አብረው ሞቱ። እሳቸው ግን አላቆሙም፤ በዝናቡ ድምፅ ውስጥ እየተሰሙ፣ እየጠፉ ቀጠሉ። እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። ብዙ አልቆየም፤ መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ፣ ኪቦርዷም በራች። ምኑን ልጠብቅ? በሁለት እጄ፣ በሙሉ ድምፅ ገባሁ።

ያች ቁልፍ ለካ መብራት ሲሄድ ሁሉን ትረሳለች። ኪቦርዷ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደነበራት ድምፅ ተመልሳለች። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተጋጨን፤ ድስት ከነክዳኑ እንደወደቀ ዓይነት ጩኸት ነበር። ኣደይ ለተብርሃን ቀጥ አሉ። እጃቸው አንገታቸው ላይ፣ ጠባሳው ላይ ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋቱን የድምፃቸው አድርገው እንደወሰዱት ከፊታቸው አየሁ፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ጣቴ ወደ ትራንስፖዟ በረረ። በዚያ መሐል ከፊት ወንበር ኣያ ሐጎስን አየሁት። ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ሥር ከቶ፣ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ኣደይ ለተብርሃንም ወደኔ ዞሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ጽንሒ ጓለይ» አሉኝ፣ ልክ እንደ በለሱ ቀን፤ ማይኩ በርቶ ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና መዝሙሩን ከመጀመሪያው አነሱት። በተስማማንበት ድምፅ አይደለም፤ ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ አዲሱ ድምፃቸው ራሱ ከመረጠው ቦታ።

ሰው ሁሉ እያየኝ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ። ማኪናዋ ቆመች። አቤት ያቃጠለኝ! አንድ ሙሉ አንቀጽ ብቻቸውን ዘመሩ። ከዚያ አንድ እጄን አወጣሁና፣ ድምፁን ቀንሼ፣ በአንድ ጣት መፈለግ ጀመርኩ። ነጭ ነካሁ፣ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ነካሁ፣ አይደለም። ጥቁሩን ነካሁ፤ እዚያ ነበሩ። ቀጣዩም ድምፅ ጥቁር ላይ ሆነ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። አምስቱም የመዝሙራቸው ድምፆች አምስቱ ጥቁሮች ላይ ተቀምጠው ኖሯል፤ ስንት ጊዜ ለጌጥ ናቸው ብዬ ያለፍኳቸው! በአንድ ጣት ተከተልኳቸው። ቃል መሐል ሲያርፉ እኔም አርፋለሁ፤ እመኑኝ፣ ክፍተቱን ለመሙላት ድፍረቱም አልነበረኝም። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ጠበቁ፣ ጠበቅኳቸው፣ ቀጠሉ። ያኔ ከፊት ያሉት ሴቶች ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ከኋላ አንዷ እልል አለች፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን በደንብ አላስታውስም፤ አልቅሻለሁና።

ስንወጣ ወጣቶቹ ጓደኞቼ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው በአንድ ጣት ስትለቅሚ የዋልሽው ብለው ሳቁብኝ። አናደዱኝ፤ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ። ኣደይ ለተብርሃን ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ቆመው ነበርና ጠሩኝ። ክንዴን ያዝ አድርገው «ሁልጊዜ ቀድመሽኝ ደርሰሽ በር ላይ ነው የማገኝሽ። ዛሬ አብረን ገባን» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ዘመሩ። በኋላ፣ በዚያ በክፉው ዘመን፣ መብራት ለወራት ጨርሶ ሲጠፋ፣ ኪቦርዷ ጋቢዋን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ጥንቱ ያለ ምንም መሣሪያ ያስዘመሩን እሳቸው ናቸው። አሁን የሉም። መዝሙራቸውን እጫወተዋለሁ፤ ዛሬ በአሥሩም ጣት መጫወት እችላለሁ፣ ነገር ግን እሳቸው ያርፉበት የነበረው ቦታ ስደርስ አሁንም እጄን አነሳለሁ።

ከበረንዳው ስመለስ ሰላም አኩርፋ አዲስ ፕላስተር እየቆረጠች ነበር። ተዪው አልኳትና እሑድ የምትጫወቺውን መዝሙር አሰሚኝ አልኳት። ትራንስፖዟን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ጀመረች። እጇ ጎበዝ ነው፣ ይፈጥናል፤ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። መሐል ላይ ስትደርስ ሶኬቱን ነቀልኩት። ሰላም ጮኸች። መልሼ ሰካሁት። «አሁን አንቺው ዘምሪው፤ ከየትም ጀምሪ፤ ከዚያ ራስሽን ፈልጊ» አልኳት። ቲቸር ዛሬስ አብደሻል በሚል ዓይን አየችኝ። ቆየት ብላ ግን በቀስታ መዘመር ጀመረች። ይህን ያህል ጊዜ ስትመጣ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ትንሽ ሻካራ ነው፣ ያፍራል።

ጣቷ አንድ ነጭ ነካ፣ ተወው። ሌላ ነካ። ውጭ ሮማናት ላይ ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፣ እኔ ደግሞ ድምፁ የት እንዳለ አውቀዋለሁ፣ ከጣቷ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ከዚያ ክረምት ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሆኖኝ ዛሬም ይሄን መጠበቅ አልለመድኩትም፤ የሚለመድም አይመስለኝም። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ቁልፎቹ ተነሣ። ያዝኩት፣ ሁለቱንም ጭኔ ሥር ከተትኳቸው።

«ጽንሒ» አልኩ። ሰላም ለእሷ መስሏት ቀና አለች።