ከአልጋው ስር ያለው ታንከር

ግሌኒስ ተኒክሊፍ አራት ዓመት ሙሉ የተኛችው በራሷና በባሏ እዳሪ ላይ ነው። ነገሩን እንዲህ አፍረጥርጣ የምትናገረው እሷው ናት። ባሏ ኖርማን ግን «ታንከሩ» ብቻ ነው የሚለው። በገዛ እጁ የበየደው ብረት ነው፤ «ጽጌረዳ» ብለው በሰየሟት ጀልባ የኋላ ክፍል፣ ከአልጋቸው ስር ተጋድሟል። በፍራሹና በእሱ መካከል ያለው አንድ ጣውላ ነው። ሌላ ጀልባ አልፎ የቦዩን ውሃ ባናወጠው ቁጥር ከስሯ ቸል፣ ቸል ይላል። ግሌኒስ ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ትይዛለች።

አፍንጫዋ ክፉ ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው ስቶክ ከተማ ውስጥ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ የሆቴልና የሕመምተኛ አንሶላ ስትለይ ነው። ወተት ገና ሊበላሽ ሲያስብ ታውቃለች። ኖርማን የጭነት መኪና መንዳቱን ትቶ፣ ቤታቸውን ሸጠው ውሃ ላይ እንኑር ሲላት እሺ ያለችው ዛፉን፣ ወፉንና ጸጥታውን አስባ ነበር። ስለ ሽንት ቤቱ ስትጠይቀው «እሱን ለኔ ተይው፤ አንቺ ባልዲ ተሸክመሽ እንድትዞሪ አልፈልግም» አላት። ልቧ በዚህ ተነካ። አራት ዓመት ሙሉም ይህን ቃል እያስታወሰች ቻለችው።

በቦዩ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ጀልባ ካሰሩ መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ሽንት ቤት ነው የሚያወሩት፤ ያውም ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። ግሌኒስ በዚያ ሰዓት ብስኩቷን ታስቀምጣለች።

በዚያ ክረምት ከፊታቸው ቴልማ፣ ከኋላቸው ጃስፐር አስረው ነበር። ቴልማ ሰባ ያለፋት፣ ድምፅዋ የወፈረ መበለት ናት። የሷ ሽንት ቤት ከስሩ የሚመዘዝ፣ እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን አለው፤ ጀልበኞቹ ካሴት ይሉታል። ሲሞላ በአንድ እጅ ጋሪ ጭና በድልድዩ አጠገብ ወዳለው መድፊያ ቤት ትገፋዋለች። ጃስፐር ደግሞ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ጎልማሳ ሲሆን፣ ሽንቱን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ የሚለይ ባልዲ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ሰጋቱራ ይነሰንስበታል።

«ኖርማን፣ አንተ እኮ እንደ ጡረታ ታጠራቅመዋለህ» ትላለች ቴልማ።

«ሻንጣ ሙሉ ሽንት እየገፉ በሰው ፊት ከመንጎራደድ ይሻላል!»

«የሚገማባችሁ ውሃ ስለምትቀላቅሉበት ነው» ይላል ጃስፐር። «ኑና የኔን አሽትቱ። የጫካ ሽታ ነው ያለው።»

«የምኑ ጫካ? ቀበሮ የሞተበት?» ይላል ኖርማን።

ይሳሳቃሉ። ግሌኒስ ግን ሁሉንም አሽትታቸዋለች። የጃስፐር ባልዲ ላዩ እንጨት እንጨት ይላል፤ ክዳኑ ሲነሳ ግን እንደ ጉም የቀለሉ ጥቃቅን ዝንቦች ተነስተው ከንፈሯ ላይ ያርፋሉ። የሞላውን ባልዲ እስኪበሰብስ ድረስ የሚያቆየው ደግሞ ጀልባው አፍንጫ ላይ፣ ከድንች ጆንያው አጠገብ ነው። የቴልማ ካሴት ውስጥ የሚጨመረው ሰማያዊ መድኃኒት ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል፤ ግማቱን አያጠፋውም፣ ስኳር ይነሰንስበታል እንጂ። ንጹሕ የሚባል ምርጫ እንደሌለ ገብቷታል። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገሩ ከወጣ በኋላ ቶሎ እንዲሄድላት። የነሱ ግን አይሄድም። ታንከር ወደሚመጠጥበት ማስመጠጫ ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ ሳምንታት አብሯቸው ይኖራል፤ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ በአየር ማውጫዋ ቀዳዳ በኩል ወደ ትራሷ ይተነፍሳል።

የገና ሰሞን ለኖርማን ቁርጡን ነገረችው።

«ይህ ታንከር ይወጣል፣ አለዚያ እኔ እወጣለሁ። እህቴ ቤሪል ታምወርዝ ከተማ ያለውን ክፍሏን አዘጋጅታልኛለች።»

«አንቺና እህትሽ በአንድ ጣሪያ ስር!» አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወው። «እስቲ ብርዱ ይለፍ ግሌን።»

ብርዱ ግን ገና መምጣቱ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሰማዩ እንደ ዓሣ ሆድ ነጥቶ አየችው።

«ኖርማን፣ ውሃው በረዶ ሊሆን ነው። ዛሬውኑ ሄደን እናስመጥጠው።»

«መብራቱ አረንጓዴ ነው» አለ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለችው የታንከሩ ጠቋሚ መብራት እያመለከተ። «ቀይ ሳይበራ ማን ያስመጥጣል? ነገ ከኳስ ጨዋታው በኋላ እንሄዳለን።»

በነጋታው ቦዩ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል። የውሃ ዶሮ በእግሯ ትሻገረው ጀመር። ማስመጠጫው ከሁለት የውሃ በር ወዲያ ነው፤ ጀልባ ደግሞ አይነቃነቅም። መብራቷ ግን አረንጓዴ እንደሆነች ነበር። ሲቆይ እንደታወቀው፣ ታንከሩ ውስጥ ሆና ከፍታውን የምትለካው ተንሳፋፊ ኳስ በደረቀ ቆሻሻ ተለስና ድሮ ተጣብቃለች። የታንከር ባለቤቶች ሁሉ የሚያምኑት ያችን መብራት ነው፤ አፍንጫቸውን የሚያምን የለም።

እሑድ ጠዋት ግሌኒስ የሽንት ቤቱን መርገጫ ረገጠችው። ወደ ታች መሄድ የነበረበት ወደ ላይ መጣ። ዝግ ብሎ፣ የማይቸኩል እንግዳ መስሎ፣ ከሳምንት በፊት የተሰናበተችውን ሁሉ ይዞ እስከ ጠርዙ ደረሰና ቆመ። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ኖርማን! መብራትህ ምን ይላል?»

ኖርማን መጥቶ ከበሩ ላይ ሆኖ በጨረፍታ አየና ፊቱን አዞረ። «አረንጓዴ» አለ፤ ድምፁ የሰለለ ነበር።

ከጃስፐር የእጅ ፓምፕ፣ ከቴልማ ትርፍ ካሴት ተዋሰ። ላይኛው መክፈቻ በበረዶ ስለተጣበቀ ፍራሹን አንስቶ ከአልጋው ስር ያለውን ክዳን መፍታት ነበረበት። ሻርፕ በአፍንጫው ላይ አሰረ። ከዚያ የፓምፑን ቱቦ በካሴቱ አፍ ከተተና ዙሪያውን በፕላስተር ጠቀለለው፤ አንዴ ጠቀለለ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፣ ትንፋሽ እስከማያሳልፍ ድረስ።

«እንደዚያ ባታፍነው ይሻላል» አለች ግሌኒስ።

«ሽታው እንዳይወጣ ነው!»

ከዚያም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፓምፑን መግፋት ጀመረ። ካሴቱ እየሞላ ሲሄድ ውስጡ የነበረው አየር መውጫ አጣ። ጎኑ እንደ ጉንጭ ተነፋ። ግሌኒስ «ተው!» ስትል ፕላስተሩ ተፈናጠረ።

የሆነውን ሁሉ ማንሳት አያስፈልግም። የማንበቢያ መብራቷ፣ ነጠላ ጫማዎቿ፣ የእናቷ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የትራሱ ጠርዝ፤ አንዱም አልቀረም። ቡናማ ነው፣ ቀጭን ነው፣ የሳምንታት ዕድሜ አለው። ሽታው ከአፍንጫ አልፎ ምላስ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ሳንቲም። ኖርማን ቱቦውን ጥሎ፣ ወጥ ቤቱን አቋርጦ፣ ደረጃውን በአራት እግሩ ወጥቶ ቦዩ ዳር ተንበርክኮ ሲያስመልስ ሰማችው። ቆይታ ጠበቀችው። አልተመለሰም።

እሷው ጓንቷን አጠለቀች። እየቀፈፋት፣ በየመሃሉ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየር እየሳበች፣ ጠረገች፣ ጨመቀች፣ ደግማ ጠረገች። ማጠቢያ ቤት ሳለች ከዚህ የከፋ አይታ ታውቃለች፤ ግን እዚያ ያየችው ሁሉ ወደ ፈላ ውሃ ይገባ ነበር። እዳሪን መንካት እጅን ያቆሽሻል፣ እጅ ደግሞ ይታጠባል። አቅፈውት ሲተኙ ግን የሚታጠበው ምንድን ነው? ክዳኑን መልሳ ስትገጥመው ነገሩ ከስሯ ቸል አለ።

ታጥባ፣ ልብስ ለውጣ፣ ትንሿን ሻንጣ አውጥታ ዕቃዋን ከተተች። ወደ ታምወርዝ የሚወስደው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ በድልድዩ ላይ ያልፋል።

ውጪ ስትወጣ ኖርማን ጀልባዋ በታሰረችበት ገመድ አጠገብ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሻንጣውን አየ። ቴልማ ጋሪዋን እየገፋች መጣች።

«እሜትዬ፣ እኔም በዕድሜዬ ይህን ያህል ሽታ አሽትቼ አላውቅም» አለች። «ያ ግማሽ የሞላው ካሴት እዚያ አይቆይም። ማነው የሚወስደው?»

ኖርማን ፊቱን ከጀልባዋ በር ወደ ቦዩ አዞረ። ግሌኒስ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ነገሩን ማየት የማይችለው እሱ ነው። ልጃቸው ሕፃን ሳለ ሽንት ጨርቅ በተቀየረ ቁጥር «ሞተሩን ልይ» ብሎ ይወጣ ነበር። እናቱ በመጨረሻ አልጋ ላይ ስትውልም የሚያገላብጣት ግሌኒስ ነበረች፤ እሱ ጋራዥ ነበር።

«ታንከሩን የበየድከው እኔ ባልዲ እንዳልሸከም አልነበረም» አለችው ቀስ ብላ።

«እንዳላየው ብዬ ነው» አለ ኖርማን። «መርገጫውን ስረግጥ ሄደ እላለሁ። የት ሄደ አልልም።»

«ከራሴ ስር ነዋ የሄደው!»

ቴልማ ወደ ሰማይ አየች። ጃስፐር በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ተመለሰ።

ግሌኒስ ካሴቱን ራሷ ከውስጥ ተሸክማ አወጣችና ጋሪው ላይ ጫነችው። ኖርማን ተነሳና ሳይጠየቅ የእሷን ሻንጣ አነሳ። እንዲህ ሆነው ቴልማን ተከትለው በቦዩ ዳር ሄዱ፤ ሚስት እዳሪውን እየገፋች፣ ባል ንጹሕ ልብሷን ተሸክሞ ራቅ ብሎ እየተከተላት። ጋሪው ጠጠር በረገጠ ቁጥር ካሴቱ ውስጥ ይንቦጫረቃል። በልቧ ቆርጣለች፤ ኖርማን ከመድፊያ ቤቱ በር ውጪ የሚቀር ከሆነ አውቶቡሱ ላይ ትወጣለች።

መድፊያ ቤቱ የጡብ ጎጆ ነው። ውስጡ ሰፊ የብረት ገንዳ፣ የግድግዳ ቱቦና የሰው ሁሉ ሽታ አለ። የቀደመው ሰው በቅጡ ሳያጥብ ነው የሄደው። ገንዳው ከንፈር ላይ የተጣበቀው እርጥብ ወረቀት በብርዱ ሳይቀር እንፋሎት አለው።

«አውራ ጣትሽ እዚህ ቁልፍ ላይ ይሁን» አለች ቴልማ። «አየር ካልሰጠሽው እየዋጠ ይተፋብሻል።»

ግሌኒስ ተጫነችው፣ ካሴቱንም አዘነበለችው። ጎርፉ ወረደ። ሽታው እንደ ጥፊ ፊቷን መታት፤ ዓይኗ አነባ። ግን አየችው። ሁሉንም አየችው፤ እየተጠቀለለ ወደ ቀዳዳው ሲወርድ፣ ሲያጓራ፣ ሲጠፋ።

«አለቀ?» አለ ኖርማን፣ ከበሩ ውጪ ካለ እሾኻማ ቁጥቋጦ ጀርባ።

«አላለቀም። ገንዳው መታጠብ አለበት፤ እጄ ተይዟል። ና ቱቦውን ያዝ።»

ከድልድዩ ወዲያ የአውቶቡሱ ድምፅ ተሰማ። ቴልማ አፏን ልትከፍት ስትል ግሌኒስ በዓይኗ ከለከለቻት።

ኖርማን ሻርፑን እስከ ዓይኑ ስቦ ገባ። ሻንጣውን የት እንደሚያደርገው ስላጣ እመሬቱ ላይ አኖረው፤ ቱቦውን ከግድግዳው ነቀለና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ውሃውን ለቀቀው። ውሃው ገንዳውን ስቶ ግድግዳውን መታ፤ ከዚያ ነጥሮ በሦስቱም ላይ ተረጨ።

«እያየህ!» ብላ ጮኸች ግሌኒስ። «እያየህ አጠበው አንተ ሰውዬ!»

አንገቱን አዞረ። ዓይኑን ከፈተ። ቱቦውን አልጣለም። የገንዳውን ከንፈር፣ ጥጉን፣ የቀደመው ሰው የተወውን ወረቀት ሳይቀር አጥቦ ጨረሰ። አውቶቡሱ በድልድዩ ላይ አለፈ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«በረዶው ሲቀልጥ ታንከሩ ባዶ ይሆንና ይወጣል» አለች። «በእጅህ ቆርጠህ። በምትኩ እንደ ቴልማ ካሴት እናስገባለን።»

«በእጄ» አለ። «ካሴቱን ግን አንቺ ነሽ የምትደፊው?»

«እኔ እደፋለሁ። አንተ ታጥባለህ።»

ኖርማን ራሱን ነቀነቀና ሻንጣውን ሊያነሳ አጎነበሰ። የሻንጣው ግርጌ ረጥቧል። ግሌኒስ ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ወዲያውም ፊቷ ተኮማተረ።

«ይሄም ይታጠባል» አለች። «ይኸው፣ ያ ወረቀት ጎኑ ላይ ተለጥፎበታል። ወዲያ ያዘው፤ ወደ እኔ አታምጣው።»