ከክቡ ያወጣሁት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ በረንዳውን አብሮኝ ለሚጋራው ጻፊም አልተናገርኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ የራሴን አንድ ገጽ መጻፍ አቃተኝ። ያደረግኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ የአንድ ሰው ስም አስቀደምኩ። ይኼ ምን ጥፋት ነው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ።

አምቦ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ፣ ታይፕ ይዤ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በመሬት የተጣላ፣ ከሚስቱ የተፋታ፣ ጡረታው የቀረበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ገበሬው በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ አሰማምሬ አወጣዋለሁ። ጥሩ ጻፊ ነበርኩ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

ብሔራዊ ሸንጎው ከተቋቋመ በኋላ፣ የሰሜኑ ጦርነት በባሰበት ጊዜ፣ ታደሰ የሚባል ሃምሳ አለቃ መጣ። የሸነን ከተማ ልጅ ነው። ክንዱን ተመትቶ ለሕክምና ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። ከሸሚዙ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። እሱ ያለበት የሻምበል ጦር ወታደሮች ለሸንጎው የጻፉት አቤቱታ ነው። አንዋጋም አላሉም። የዚህ ጦርነት ማለቂያው የት እንደሆነ ይነገረን፣ ሸንጎው በንግግር ስለሚያበቃበት መንገድ ይምከር፣ ቁስለኞቻችን ሜዳ ላይ አይቅሩ ነው ያሉት። ከታች ስማቸውን በክብ ጽፈውታል፤ ስም ከስም ተያይዞ እንደ ሰፌድ ይዞራል፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለው። እንዲህ ያለ አፈራረም አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የፈረመው ሰው አሳዳሚ ተብሎ እንደሚያዝ ታደሰ አስረዳኝ። ማንም መጀመሪያ እንዳይሆን ብለው ነው በክብ የፈረሙት።

ታደሰ ወረቀቱን ለሸንጎ ተመራጫችን ወስዶለት ነበር። ተመራጩ ክፉ ሰው አልነበረም መሰለኝ። በእጅ የተጻፈ፣ የተጨማደደ ነገር ሸንጎ ፊት አላቀርብም፣ በታይፕ አስመትተህ አምጣ ብሎ መለሰው። የታደሰ ፈቃድ ደግሞ አልቋል። መትቼ እንዳደርስለት ለመነኝ።

«ማንንም ከፊት እንዳታደርግ፣ አደራ» አለኝ።

«ኧረ እሺ፣ ምን ችግር አለው» አልኩት።

አልሰማሁም ብዬ ብምል ይቀለኝ ነበር። ግን ሰማሁ። ሰምቼም እሺ አልኩ።

ከዚያ ታይፑ ፊት ተቀመጥኩ። ታይፕ ክብ አይጽፍም። እኔም በዚያ ሁሉ ዓመት የማውቀው መስመር ብቻ ነው፤ አመልካቾች ከላይ፣ ቀጥሎ ተራ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም። የብዙ ሰው ጉዳይ በአንደኛው ስም ይጠራል፤ «እነ እገሌ» ተብሎ ይመዘገባል። ያለዚያ ቢሮ አይቀበለውም ብዬ አሰብኩ። ተመራጩ እንዲህ አድርግ አላለኝም። ማንም አላለኝም። ከየት ልጀምር እያልኩ ወረቀቱን ሳዞር አንድ የማውቀው ስም አየሁ፤ አስር አለቃ ገመቹ ፉፋ።

ገመቹ የእጃጂ ልጅ ነው። አምቦ ሲማር እኛ ቤት ነበር የሚኖረው፣ የምንተኛውም አንድ አልጋ ላይ ነበር። እናቴ እንግዳ ነው እያለች ምሳ ስታቀርብ ሁልጊዜ ለእሱ ታስቀድማለች፤ እኔ ተርቤ አያለሁ። ይኸው፣ ይህን ለምን ጻፍኩት? ምክንያት ፍለጋ ይሆን? ስሙን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሕይወት አለ ብዬ። የእኛ ልጅ ከሌላው ይቅደም ብዬ አከበርኩት? ወይስ ያ የልጅነት ቅናት በጣቴ በኩል መጣ? ወይስ የማውቀውን ስም መጻፍ ስለቀለለኝ ብቻ ነው? አንድ ቀን አንዱ መልስ እውነት ይመስለኛል፣ በማግስቱ ሌላው። በእርግጠኝነት የማውቀው ድርጊቱን ነው። አንደኛ ብዬ ገመቹን ጻፍኩ። ሌሎቹን ከሥሩ ደረደርኩ። ከላይም «እነ አስር አለቃ ገመቹ ፉፋ» ብዬ አሰመርኩበት። አሰመርኩበት! እንዲያምር ብዬ። ክብ ያለበትን ወረቀትማ ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል ብዬ ቀደድኩት።

በሀሁ ተራ ብደረድራቸው ኖሮ ማንንም መሪ አያስመስልም ነበር። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ለተመራጩ ካስረከብኩ በኋላ ነው። ሄጄ ወረቀቱን መልሼ ልቀበለው እችል ነበር? እችል ነበር መሰለኝ፤ ቢሮው ሩቅ አልነበረም። ግን ሰውየው ሲረከበኝ «ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ አመስግኖኛል። ተሳስቻለሁ ብዬ መመለስ አሳፈረኝ። ለአንዲት ምስጋና ስል ተውኩት።

ክረምቱ ሲወጣ የገመቹ አባት ኦቦ ፉፋ ከእጃጂ መጡ። ከግንባር የተመለሰ ወታደር ነግሯቸዋል። ገመቹን አንድ ጠዋት ከምሽግ ጠርተው፣ የአቤቱታው መሪ አንተ ነህ ብለው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሌሎቹ ተገሥጸው ወደየጦሩ ተበትነዋል። ወረቀቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተሻገረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦቦ ፉፋ እኔ ዘንድ ለምን የመጡ ይመስላችኋል? ልጄ የት እንዳለ ይነገረኝ የሚል ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ነው።

«ገመቹ መሪ? ቤት እያለ በሬዎቹ ካልቀደሙለት መንገድ የማይገባ ልጅ!» አሉ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ድምፃቸው አልለየልኝም። «በክብ ነው የፈረሙት አሉኝ እኮ። ኤጋ፣ እንግዲህ ማነው ከፊት ያደረገው?»

«ቢሮ እንዲህ ነው ኦቦ፤ ዝም ብሎ አንዱን ያስቀድማል» አልኳቸው።

ቢሮ! ቢሮው እኔ ነኝ፤ በረንዳ ላይ የተቀመጥኩት። መሪውን የፈጠርኩት እኔ ጻፊው ነኝ ብዬ ብመሰክር ምናልባት የሚሰማ ሰው ይገኝ ነበር። ምናልባትም እኔን ይወስዱኝ ነበር። ዝም ያሰኘኝ ይህ ፍርሃት ነው? ወይስ ሽማግሌው ፊት ማፈሬ? አልለየልኝም። ማመልከቻውን ግን ጻፍኩ፤ «ልጄ ገመቹ ፉፋ» ብዬ ስመታ አንድ ፊደል አልሳትኩም። ብስት ደስ ባለኝ። መልስ አልመጣም።

መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ እየተራበ፣ እየለመነ ወደ አገሩ ገባ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና አምቦ ላይ ሲያራግፋቸው ኦቦ ፉፋ መንገድ ዳር ቆመው ፊት ፊታቸውን ያያሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ አጠገባቸው እቆማለሁ። የከሳ ፂማም ሁሉ ገመቹ ይመስለኛል። ይምጣ እላለሁ፤ ሲመጣ ምን እለዋለሁ ብዬ ደግሞ እፈራለሁ። ባይመጣ ይሻላል ብዬ ያሰብኩበት ቀንም አለ። አዎ፣ ይህንንም አስቤያለሁ። ገመቹ አልመጣም። ታደሰም አልመጣም።

ወታደር የሚጭን መኪና ሲጠፋ ኦቦ ፉፋ በረንዳዬ ድረስ መጡ። እንግዲህ በቃኝ፣ ቤቴ ገብቼ ልቅሶውን ልቀመጥ አሉኝ። ዘመድ ሲሰለቻቸው አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሊመርቁኝ ፈለጉ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ዋቅኒ ስ ሃ ኤቢሱ፣ ያ ኢልመ ኮ» አሉ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ ማለታቸው ነው።

አሁን በሕይወት የሉም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ዘመኑ ነው፣ ታይፑ ነው፣ ልማድ ነው ብላችሁም አታስተባብሉልኝ። ያን ሁሉ ለራሴ ብዬው አልጠቀመኝም። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ኖሮ እጃቸውን ከራሴ ላይ ያነሱ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።