የአባቴ እግርና የአማቻችን ጋዝ

አባቴ በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ባለች ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ቆይቷል፤ ቀኝ እግራቸው መቁሰሉን ግን ያወቁት ካልሲያቸው ሲርስ ነው። ሕመሙ አልተሰማቸውም። አውራ ጣታቸው ሥር የጀመረችው ቁስል ክረምቱን ሙሉ አልሽር አለች።

ይህን የሰማ አማቻችን፣ የእህቴ ባል፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከደምበጫ መጣ። ሰውየው በፊት የቤት ደላላ ነበር፤ ቀጥሎ የፀሐይ መብራት አከፋፋይ ሆነ፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሠልጥኖ «የጤና አማካሪ» ሆኖ ተመልሷል። ሥልጠናው ቅዳሜ ተጀምሮ እሑድ አልቋል። ከቦርሳው የሚያብረቀርቅ ቀይ ብልቃጥ አወጣ።

«የኔታ፣ ይህ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል። ጋዝ ነው።»

«ጋዝ? እንግዲያው ከምድጃው አርቁልኝ» አሉ አባቴ።

«የሚነድ አይደለም። የደም ሥር የሚከፍት ነው፤ ሰውነትዎ ራሱ ይሠራዋል። እርስዎ ጋ ስላነሰ ነው ቁስሉ እምቢ ያለው። ይህ ቅባት ይተካልዎታል።»

«ቅባት በጎጃም ክርክር እንጂ ጤና አምጥቶ አያውቅም!»

የድሮውን የቅባትና የተዋሕዶ የሃይማኖት ክርክር መንካታቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው ከት ብለው ሳቁ። አማቻችን ምን እንደተባለ ባይገባውም፣ ሁሉም ሲስቅ ጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። ከዚያ ቁስሉን በስልኩ ፎቶ አነሳ።

እህቴ ባሏን ታምናለች፤ ልታስታምም መጥታ ጧትና ማታ ቀባቻቸው። እግራቸው ሜንታ ሜንታ ይሸት ጀመር። ቁስሉ ግን ሰፋ፣ ዳር ዳሩም ጠቆረ። ለአማቻችን ስንደውል «መጥፎው እየወጣ ነው፤ ደስ ይበላችሁ» አለን። ሜንታው የማይሸፍነው ሽታ ሲመጣ ደስ መሰኘቱን ትቼ አባቴን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ብልቃጡን ስታይ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ጋዙስ እውነት ነው» አለች። «የደም ሥራችን ግድግዳ ይሠራዋል፤ ሥሩን ያላላል፣ ደም ወደ ቁስሉ እንዲደርስ ይረዳል። ስኳር ሲቆይ ይህን ያዳክማል። ሳንባቸው ለታመመ አንዳንድ ጨቅላዎች በመተንፈሻ የሚሰጥበት አገር አለ። ለቁስል ግን ገና እየተመራመሩበት ነው። ችግሩ ወዲያው የሚጠፋ ነገር መሆኑ ነው፤ ይዞ አቆይቶ ቁስሉ ላይ ቀስ እያለ የሚለቀው መድኃኒት ነው የሚፈለገው።»

«ይሄስ ይለቃል?» አልኳት።

ብልቃጡን ገልብጣ ጽሑፉን አነበበችልኝ። ቫዝሊን፣ ሜንታ፣ ቀይ ቀለም። «ጋዙ ያለው ስሙ ላይ ብቻ ነው» አለች።

አማቻችን ቢያንስ የተማረ ውሸት መርጧል።

የአባቴ አውራ ጣት ተቆረጠች። የሞተው ሥጋ ተጠርጎ፣ ኢንሱሊን ተጀምሮ፣ በቀኝ እግራቸው እንዳይረግጡ ተከልክለው ሰነበቱ። ሊጠይቃቸው የመጣው አማቻችን ለመታሰቢያ ብሎ ጤነኛውን እግራቸውን ፎቶ ሲያነሳ ማንም ልብ አላለውም። ቁስሉ የደረቀው በጋው ሲጋመስ ነው።

ለጉዳይ ሄጄ ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ቆመና ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአባቴ እግር ተሰቅሏል። «በፊት» በሚለው ሥር ቁስሉ፣ «በኋላ» በሚለው ሥር ጣቱ ያልጎደለ ንጹሕ እግር። ግራው ነው። ከታች «የታላቁ የቅኔ መምህር ምስክርነት» ይላል፤ ደምበጫ ላይ የሽያጭ ስብሰባ እንዳለም ተጽፎበታል።

ያየሁትን ለአባቴ ነገርኳቸው። «መቼ ነው የሚሰበሰቡት?» አሉ። «ውሰጂኝ።»

ደምበጫ አዳራሹ ጢም ብሏል። አማቻችን እንዳያቸው ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ምስክራችን መጡ!» ብሎ ጮኸ። ተጨበጨበ። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ ጫማቸውን፣ ካልሲያቸውን አወለቁና እግራቸውን አነሡ።

«ፎቶው ላይ የዳነው ግራዬ ነው፤ እሱ መቼም ታሞ አያውቅም። የታመመው ይኸው። ጣቴ ሆስፒታል ቀርታለች። ቅባቱ ጣት የሚያበቅል ከሆነ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።»

እኔ አሁን አለቀለት አልኩ። አማቻችን ግን ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«አያችሁ? ቁስሉ ደርቋል!»

እንደገና ተጨበጨበ። ከአጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ለራሳቸውም ለጎረቤታቸውም ገዙ። አባቴ ካልሲያቸውን ገልብጠው አጠለቁና ወደ በሩ ተነሡ፤ እንዲያ ሲናደዱ አይቻቸው አላውቅም። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ያዟቸው።

«የኔታ፣ ቅባቱ ለጉልበት ይሆናል?»

«ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፤ ስኳርዎንም ያስለኩ» አሏቸው።

ሽማግሌው እጅ ነሥተው አመሰገኑና ተመልሰው ገብተው ተሰለፉ።

እህቴ በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ ሰንብታ የአባቴን እግር በየቀኑ ማየት ለመደች፤ ጣት በጣት እየገለጠች፣ በሳሙና እያጠበች። ስለ ባሏ አንጠይቃትም። እሱ አሁን የኩላሊት ሻይ ይሸጣል።