ስለ በሬ የተጫወተችው አሥራ ሁለት ደቂቃ

ሲስተር የኔዓለም ደብረ ማርቆስ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋን ሁሉ ለመናገር የእኔ ቃል አይበቃም፤ ብቻ የአንድ ቀኑን ልንገራችሁ።

ያን ሰሞን ማርቲ የምትባል ልጅ ሰዓትና ቅጽ ይዛ መጣች። ነርሶች ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ ልታጠና ነው። ቅጹ መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል ማጠብ፣ ካርድ መጻፍ እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ «ጨዋታ» ይላል። ጨዋታ የበዛባት ወደ ካርድ ክፍል ትዛወራለች ተብሎ ተወራ። የኔዓለም ደግሞ ጨዋታ ታበዛለች፤ ይህን ወዳጅም ጠላትም ያውቃል። ከበሽተኛ ተለይታ ወረቀት ስትደረድር መዋል ለእሷ ሞት ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ አያ ገዳሙ አልጋ ዘንድ ደረሱ። አያ ገዳሙ የደብረ ወርቅ ገበሬ ናቸው። አንጀታቸው ተጠማዞ ኦፕራሲዮን ከተደረጉ አራተኛ ቀናቸው ነው። የሌሊቷ ተረኛ «ደህና ናቸው» ብላ ጽፋለች። ምን ታድርግ፣ እንዴት ነዎት ስትላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለዋታል። የእኛ አገር ሽማግሌ ሆዱ ተቀዶም መልሱ ይኸው ነው። አየር ወጥቶዎታል ወይ ብትላቸውማ፣ ሴት ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል እንዴ? ዞረው ተኙ።

የኔዓለም ቁርሳቸውን እንዳልነኩት አየች። ምንም አልጠየቀቻቸውም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለ በሬዎቻቸው ጀመረች። ማርቲ ሰዓቷን አየት አድርጋ «ጨዋታ» ላይ ምልክት አደረገች፤ አጠገቡም «ስለ በሬ» ብላ ጻፈች። ሽማግሌው መጀመሪያ ቸል አሉ፤ ኋላ ስለ ቦራው በሬያቸው ሲነሳ ወሬው ሞቃቸው።

«አያ ገዳሙ፣ በሬ ሆዱ ሲነፋ በምን ታውቁታላችሁ?» አለቻቸው።

«ማመንዠኩን ይተዋል። ጎኑን መታ ስታደርጊው እንደ ከበሮ ይጮሃል። አየር አይወጣውም።»

«እርስዎስ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ከተቀደድሁ ወዲህ አልወጣኝም፣ ልጄ። ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

ጋቢያቸውን ገልጣ ሆዳቸውን መታ መታ ብታደርገው እውነትም ከበሮ ሆኗል። ሮጣ ዶክተሩን ጠራች። ሆዳቸውን የሚያስተነፍስ ቱቦ በአፍንጫቸው ገባላቸው። እስከ ማታ ቢቆዩ ኖሮ እንደገና መቀደድ ነበር አለ ዶክተሩ። በማግስቱ አየሩ ወጣላቸው። ይህንንም ለየኔዓለም ብቻ፣ በጆሮዋ ነገሯት።

ዓርብ ስብሰባ ሆነ። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ቅጹን አነበቡ፦ የኔዓለም፣ ጨዋታ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ስለ በሬ። ቤቱ ሳቀ። የኔዓለም ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሳች።

«አዎ፣ ተጫውቻለሁ። አያ ገዳሙ ሆዳቸው መነፋቱን የነገሩኝ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ነው። በአሥረኛው ብነሳ ኖሮ እኔም ደህና ናቸው ብዬ እጽፍ ነበር» አለች።

ማርቲም አቀርቅራ እውነቷን ነው፣ ቆሜ አይቻለሁ ስትል መሰከረች።

ሜትሮኗ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ አዲሶቹ ሁለት ነርሶች ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የኔዓለምን ተከትለው እንዲዞሩ አዘዙ። ካርድ ክፍልን ያነሳ ሰው አልነበረም። ከአዲሶቹ አንዷ የከተማ ልጅ ናትና፣ እኔ ስለ በሬ ምን አውቃለሁ ብላ ተጨነቀች።

«ጠይቂያቸው እንጂ፤ እነሱ ያስተምሩሻል» አለቻት የኔዓለም።