«ክፉ የለም» ተብዬ የሄድኩበት መንገድ

ማለዳ፣ ደብረ ማርቆስ

መናኸሪያው ገና አልሞቀም። ረዳቶቹ ግን «ፍኖተ ሰላም! ቡሬ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሾፌሩ ብቻ ነው። የጥር ብርድ ጣት ይቆረጥማል። በአንድ እጄ ትንሽ ቦርሳ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ነጠላ ይዤ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ።

ለምን እንደምጓዝ ልንገራችሁ። ትናንት አመሻሽ ላይ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ደወለ። እሱ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ከአባታችን ጋር እያረሰ ይኖራል፤ እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ። ደሳለኝ ስልክ ላይ ወሬ አያበዛም።

«ትርንጎ፣ ነገ ነይ። አባየ ይፈልግሻል» አለኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ክፉ የለም። ነጠላሽን ይዘሽ ነይ።»

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ደጋግሜ ብደውል አይገባም።

የአገሬን ሰው የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አመም አድርጎት ነው» ይባላል፤ «ክፉ የለም» ይባላል፤ ሰውየው ግን አፈር ቀምሷል። ነጠላስ ለምን አስፈለገ? መኪናው ሳይነሳ አባቴን ገንዤ፣ ቀብሬ፣ ድንኳን ተክዬ ጨርሻለሁ።

አምና ልቤ ድንገት እየመታ ክፍል መግባት ሲያቅተኝ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ሄጄ ነበር። ሲስተር ሰብለ ትባላለች። «ልብሽ ሲመታ ‹ምን ሆንኩ?› ከማለትሽ በፊት ‹ምን አሰብኩ?› በይ» ትለኝ ነበር። «የሰማሽውን ለብቻው አስቀምጪ፤ የጨመርሽበትንም ለብቻው።»

መኪናው ከከተማው ሲወጣ ሞከርኩት። የሰማሁት፦ ነገ ነይ፣ አባየ ይፈልግሻል፣ ክፉ የለም፣ ነጠላ። የጨመርኩት፦ ሞት። በትክክል ለየሁት። ልቤ ግን መምታቱን አልተወም። ማወቅ ሌላ፣ መረጋጋት ሌላ ነው ለካ።

አማኑኤልን አልፈን፣ ወደ ደምበጫ

አማኑኤል ላይ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀመጡ። ብርቄ ይባላሉ። እግራቸው ሥር የታሰረች ዶሮ፣ ጭናቸው ላይ የቅቤ ቅል። ፍኖተ ሰላም ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ ነው።

ከመስኮቱ ውጭ ጤፉ ታጭዷል። ክምሩ በየማሳው ቆሟል፤ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ፤ ገለባው በጠዋት ፀሐይ ይበራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

«አንቺስ ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ቡሬ። አባቴ ይፈልግሻል ተብዬ።»

«አሞት ነው?»

«እንጃ። ክፉ የለም፣ ነጠላሽን ይዘሽ ነይ ነው ያሉኝ።»

እማማ ብርቄ ፊታቸው ተለወጠ። ቅሉን መኪናው ወለል ላይ አኖሩት። «ነጠላሽን ይዘሽ አሉሽ? እህህ… አይ ልጄ!» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ጀምረው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወዲያው ደግሞ እንደገና ሳግ ተናነቃቸው። «ምን ዓይነት ሰው ነበር? ደግ ነበር?»

«ደግ ነው…» አልኩ፤ «ነበር» ማለት አቅቶኝ። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየን። «እማማ! ሰውየውን ማን ገደለው? የሞተ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ልጁን የሚጠራ? እስኪ መጀመሪያ ነገሩ ይጣራ!»

ኋላ ያሉት ሳቁ። እማማ ብርቄ ግን ማልቀሳቸውን አልተዉም። ያን ጊዜ አየኋቸው፤ በደንብ አየኋቸው። አባቴን አያውቁትም። ስሙን እንኳ አልነገርኳቸውም። እኔ የሰማኋትን ያችኑ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሰምተው፣ የራሳቸውን ጨምረው፣ ይኸው እውነተኛ እንባ ያፈስሳሉ። አፍንጫቸው ቀልቷል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እንባው ከአባቴ አልመጣም፤ ካሰቡት መጣ።

የእኔስ?

ሲስተር ሰብለ በቃል የነገረችኝን እማማ ብርቄ በእንባቸው አሳዩኝ። አሁን የማውቀው አለማወቄን ብቻ ነው፤ ከማላውቀው በላይ ማዘን አይጠበቅብኝም አልኩ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ትንሽ ቀለለ። ነጠላዬን ፈትቼ የእማማን ፊት ጠረግሁላቸው።

ረፋድ፣ ፍኖተ ሰላም

እማማ ብርቄ «ማርያም ታውጣሽ» ብለው ሳሙኝና ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ይዘው ወረዱ። ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ይጋፋል፤ ማንጎ ሻጮች ጥላ ዘርግተው ይጠራሉ። ፍርፍር አዘዝኩ፤ ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ አንድ የማውቀው ሰው በጋሪ ሲያልፍ አየሁ። ይርዳው ነው፣ የአባቴ ጎረቤት። አየኝ። አይቶኝም ፊቱን አዞረ።

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። አለቀ፤ ያውቃል፣ መርዶውን እሱ እንዳይነግረኝ ሸሸ።  ቁጭ ብዬ ልቀር ነበር።

ከዚያ ግን የሰማሽው ምንድን ነው? አልኩ ራሴን። ምንም አልሰማሁም። ያየሁትስ? ፊቱን ያዞረ ሰው። ታዲያ ለምን አልጠይቀውም? ሂሳቤን ወርውሬ ተከትዬው ሮጥኩ፤ ጋሪውም መገንጠያው ላይ ቆመልኝ።

«ይርዳው! አባየ ደህና ነው?»

ይርዳው ዞረ። ጉንጩ እንደ ኳስ አብጧል፤ አፉ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቋል። ጥርሱን አስነቅሎ መምጣቱ ነው። በዚያ መልኩ ሰው እንዳያየው አፍሮ ነበር ፊቱን ያዞረው።

«ሞቷል?» አልኩት።

ዓይኑን አፍጥጦ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ታሟል?»

አሁንም ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት ጣቶቹን አጣምሮ አሳየኝ። «እግቅ» አለ። «እግቅ ነው!»

«ምን?»

«እግቅ!» አለና አመመው፤ ጉንጩን ይዞ ጋሪውን አስነዳ። መንገድ ዳር ቆሜ እንደ እብድ ሳቅሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ጡሩምባ ነፋልኝ።

መኪናው ውስጥ ስገባ ሐሳቤ ሥራ አልፈታም። ይርዳው እኮ ከአገር የወጣው ትናንት ይሆናል፣ ከዚያ ወዲህስ? አለኝ። ሰማሁት። እሱም ከልማዱ ነው ብዬ፣ ሳልጣላው ከጎኔ ተቀምጦ እንዲሄድ ተውኩት።

ቀትር፣ ቡሬ

ከማንኩሳ ወዲያ አየሩ በርበሬ በርበሬ ይላል። ቡሬ መግቢያ ላይ በየደጁ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ቀልቷል። ነፋሱ ሲያነሳው ተሳፋሪው ሁሉ አነጠሰ።

ደሳለኝ መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሟል። ጥቁር አልለበሰም። ሸንኮራ ይግጣል!

«አባየስ?»

«አለ። አርፍዳ ቀረች እያለ ይበሳጫል።»

«ነጠላሽን ይዘሽ ነይ አላልከኝም?»

«እና ቤተ ክርስቲያን ያለ ነጠላ ልትገቢ ነው?»

«ክፉ የለም ያልከኝስ?»

«ክፉ ስለሌለ ነዋ!»

በቦርሳዬ መታሁት። እያለቀስኩ፣ እየሳቅሁ መታሁት። ሸንኮራውን ጋሻ አድርጎ ሸሸኝ።

ነገሩን ባጃጅ ውስጥ ነገረኝ። ዛሬ አባቴና ታናሽ ወንድሙ አያ ዘለቀ ሊታረቁ ነው። ይርዳው «እግቅ» ያለው ለካ «እርቅ» ማለቱ ነበር።

ጠባቸው በእኔ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አያ ዘለቀ ለአንድ ወዳጁ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጠ። አባቴ «ልጄ ትማራለች» ብሎ እንቢ አለ። የአያ ዘለቀ ቃል በአገር ፊት ወደቀበት፤ «የወንድሜን ደጅ አልረግጥም» ብሎ ማለ። አልረገጠምም። ልጆች ሲወለዱ አልመጣም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ከአጥር ውጭ ቆሞ አልቅሶ ተመለሰ። ሽማግሌዎች ዘንድሮ ለመኗቸው። አባቴም «እሺ፤ ግን ትርንጎ በሌለችበት አልታረቅም» አለ።

ከሰዓት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር

ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅ ጣለን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ገለባ የጫኑ አህዮች አለፉን። አባቴን ዋርካው ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር አየሁት። በሕይወት አለ። ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ተቆጥቶ ተቀምጧል። ጉልበቱን ስሜ ቀና ማለት አቃተኝ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ምንም አልሆንኩም አባየ። አስቤ ነው።»

አያ ዘለቀ መጣ። ጠይም፣ ቀጭን ሽማግሌ ሆኗል። እንደ ወጉ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ አባቴ ፊት ቆመ። 

አባቴ ከዘራውን ጎኑ አጋደመ። ከዚያ፣ «ለእኔ አይደለም ዘለቀ» አለ። «ለእሷ ነው።»

አያ ዘለቀ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን ግን አላየም። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ልቤ እንደገና ጀመረ። ይጠላኛል፤ ሽማግሌ አስገድዶት ነው፤ ዛሬም ይጠላኛል። ፊቴ ጋለ፤ ከዋርካው ሥር መሮጥ አማረኝ። ልጅ ሆኜ ቤቱ በር ላይ እንዳላልፍ ዞሬ የምሄድባት የእግር መንገድ ትዝ አለችኝ።

ይጠላኛል ብሎ የነገረሽ ማነው? አልኩ። ማንም። እንግዲያው ጠይቂ።

«አያ ዘለቀ» አልኩ። «ለምን አያዩኝም?»

ድንጋዩ ትከሻው ላይ ተናወጠ። «በምን ዓይኔ ልይሽ ልጄ? አስተማሪ ሆነች ሲሉኝ በጓዳዬ ደስ ይለኝ ነበር። በምን አፌ ልናገረው? በገበያ ቀን ርቀሽኝ ስታልፊ፣ ጠልታኝ ነው፣ ይገባኛል እላለሁ።»

«እኔ ደግሞ እርስዎ ጠልተውኝ ነው እል ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። ድንጋዩን ከትከሻው አነሳሁለት፤ ከብዶ ነበር። መሬት ላይ ሳስቀምጠው አያ ዘለቀ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የአባቴ ዓይን ነው። ትከሻዬን ሳመ፤ ከዚያ ወደ ወንድሙ ሄደ። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደተቃቀፉ ቆዩ፤ ጋቢያቸው ተጠላልፎ የማን የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

አመሻሽ፣ አባቴ ቤት

አያ ዘለቀ የማለበትን ደጅ ረገጠ። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆም አለ፤ አባቴም ክንዱን ይዞ አስገባው። በግ ታረደ፤ ጠላው ቀረበ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ስለ ዘንድሮው ጤፍ፣ ስለ በሬ ዋጋ ተወራ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አጎዛው ላይ ተቀምጬ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ያልዘጋሁት ዓይኔ ይከደን ጀመር። ሰውነቴ በየጅማቱ ሲለቅቀኝ ይሰማኛል።

«ደክሟታል» አለ አንዱ።

«ተዋት፤ ትተኛ» አለ ሌላው። ጋቢ ላዬ ላይ ተጣለ።

የትኛው አባቴ፣ የትኛው አያ ዘለቀ እንደሆነ ዓይኔን ገልጬ አላየሁም። ድምፃቸው ይህን ያህል እንደሚመሳሰል እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።