«በሞቴ» ሲባሉ የሚስቁት አያቴ

አያቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሳቃቸው ነው። ኩላሊታቸው ከደከመ በኋላ ዲያሊሲስ ያደርጉ ስለነበር ጨው፣ ሙዝና ቲማቲም ተከልክለው ነበር። ውሃ እንኳ በልክ ነው። በእኛ በቁስቋም ሰፈር ግን እንግዳን «በሞቴ» ብሎ አለማስገደድ ነውር ነው። በአንድ የማርያም ዝክር ላይ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወጥ የበዛበት ጉርሻ ጠቅልለው፣ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» አሏቸው።

«ብርቄ፣ በሞቴ የምትዪው አንቺ፣ የምሞተው እኔ» አሉ አያቴ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የትም አልሄድም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ብርቄ በየዝክሩ ድንች ቆርጠው ይቀቅሉላቸውና ለኩላሊት የሚከብደው ፖታሲየም እንዲወጣለት ውሃውን ደፍተው እንደገና ይቀቅሉት ነበር። ጨው የለውም፣ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። አያቴም «አሁን በሞቴ በይኝ» እያሉ ጥርግ አድርገው ይበሉ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ መግባቴን አይተው በዚያው ሰሞን አረፉ። በአርባቸው ቀን እትዬ ብርቄ በልማድ ያንኑ ድንች ይዘው መጡ። አያቴ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ባዶ ሲሆንባቸው ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ።

«እኔ እበላዋለሁ» አልኳቸው። «ብቻ በሞቴ ይበሉኝ።»

እየሳቁ አጎረሱኝ። ድንቹ ምንም አይጥምም። ለካ ሲያጣፍጠው የኖረው የአያቴ ጨዋታ ነበር።