ለእናቴ የተረክኩት ሙዚየም

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ግን እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዞ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ሙዚየም ሊያሳየን ይሄድ ነበር። በሰፈራችን ሰው ልጆቹን ወደ ከተማ የሚወስደው ለሕክምና ወይም ለንግሥ ነው። የሞተ እንስሳ ለማየት ብሎ እንጦጦን የሚሻገር ከእሱ በቀር አላውቅም።

ምክንያት ነበረው። በወጣትነቱ ወፍ ለሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ ሳጥን እየተሸከመ ብዙ አገር ዞሯል። ፈረንጁ ወፎቹን በጥይት ይጥላል፣ ቆዳቸውን ይገፍፋል፣ ውስጣቸውን በጥጥ ይሞላል፤ አባቴ ደግሞ ሳጥኑን በራሱ ላይ አድርጎ ዳገቱን ይወጣል። እናቴን ያገኛትም በዚያ ጉዞ ላይ መንዝ ሲደርሱ ነው። ከዓመታት በኋላ የከብት ድርቆሽ ነጋዴ ሆኖ ሳለ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ድርቆሽ አራግፎ ሲመለስ በር ላይ የቆመ ዘበኛ፣ «ግባ እይ፣ እንስሳት ናቸው» አለው። ገባ። ከመስታወት በስተጀርባ በመደዳ የቆሙ ወፎች አየ። የእሱ ወፎች መሆናቸውን የሚያረጋግጥለት ሰው አልነበረም፤ የሚከራከረውም አልነበረም። እሱ ግን የእሱ ናቸው ብሎ ደመደመ።

ጠዋት ሜዳው ገና ውርጭ እንደለበሰ ከወተት ጣሳዎች ጋር ተጣብቀን በአውቶቡስ እንሳፈራለን። እንጦጦን ወጥተን በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል ወርደን አዲሱ ገበያ ስንደርስ አባቴ፣ «ከዚህ በእግር» ይላል። ከዚያ እስከ አራት ኪሎ በእግር ነው። አዳራሹ የናፍታሊን ሽታ ይሸታል። አንበሳው አፉን ከፍቷል፤ ምላሱ ግን ቀለም የተቀባ እንጨት እንደሆነ ጠጋ ብሎ ላየ ይታወቃል። እባቦቹ በፈሳሽ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ተጠምጥመዋል፤ ፈሳሹ የጎደለበት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው እባብ ራሱ ደርቋል። አባቴ ወፎቹ ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ አንዷን በጣቱ ያሳየናል።

«ይቺን እኔ ነኝ የተሸከምኳት።»

«አባባ፣ አምና ተሸከምኳት ያሉን ያቺኛዋን ነበር» ይላል ወንድሜ።

«ሁለቱንም ተሸክሜያለሁ። ወፍ ይከብዳል?»

ከቀትር በኋላ ሣር ላይ ተቀምጠን ስንቃችንን እንበላለን፤ ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብለን ሌላ ሙዚየም ውስጥ ሥዕል እናያለን። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ነበሩ፤ በዘመናይ አሳሳል የተሠሩ በዘይት ቀለም የተቀቡ ትልልቅ ሸራዎችም ነበሩ። ወንድሜ እዚያ ይሰለቸዋል። እኔ አይሰለቸኝም ነበር።

ስንቁን የምታዘጋጀው እናቴ ናት። ድፎ ዳቦውን በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ቆሎውን ለየብቻ ትቋጥርልናለች፣ እስከ መንገዱ ዳር ትሸኘናለች። ከዚያ አልፋ አታውቅም። ምክንያቱ ቀይዋ ላም ናት። ቤታችን ከአባቴ ድርቆሽ ይልቅ የሚኖረው ጠዋትና ማታ ለወተት ሰብሳቢው በሚሰጠው ወተት ነው፤ ቀይዋ ላም ደግሞ ከእናቴ እጅ ውጭ ወተቷን ትይዛለች። ሌላ እጅ ሲነካት ትራገጣለች። ከመንዝ የመጣችው እናቴ ከላሞቹ ጋር የምታወራው በኦሮምኛ ነበር፤ «አማርኛ ሲሰሙ ጆሯቸውን ይጥላሉ» ትላለች። እኛ ቤት ያለነው ወንዶች ብቻ ነን፤ በሰፈራችን ደግሞ ወንድ ላም ሲያልብ ታይቶ አይታወቅም። ቢታይ ዘፈን ይወጣለት ነበር።

ገና ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩት አንዲት ባልቴት መላ አምጥተው ነበር። አጥራችን ላይ ተደግፈው፣

«ኮቱ፣ ነይ እስቲ አንቺ ሴት! ቀሚስሽን አውልቀሽ ስጪኝና እኔ ለብሼ አልባታለሁ። ላም የምታውቀው ሽታ ነው፤ አንቺ ከልጆችሽ ጋር ሂጂ» አሏት።

«ቀሚሴን ለብሰው ባሌንም ሊወስዱት ነው!» አለች እናቴ።

«ባልሽንማ አልፈልገውም፣ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል።»

አባቴ ሳይቀር ሳቀ። ነገሩ ሳቅ ሆኖ ቀረ። ማንም አልሞከረውም።

ስንመለስ ማታ እናቴ ስታልብ እኔ በረቱ በር ላይ ቁጢጥ ብዬ ያየሁትን እነግራታለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ድርቆሽ ማሰሩን ይዣለሁ። እንግሊዝኛውን ግን በአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ራሴን አስተማርኩ፤ በየመስታወቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ስለፈለግሁ ነው። ለእናቴ ስነግራት አንድ ነገር እንዲጎድል አልፈቅድም ነበር። ጎሹ ቀንዱ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ በግራው ነው። ከጉሬዛው ጥፍሮች አንዱ ወድቋል። እሷ የምትጠይቀው ግን ሁልጊዜ ስለ ቀይ ቀበሮው ነበር፤ የአገሯ የመንዝ እንስሳ ነው።

«ጭራውስ?»

«ጫፉ ጥቁር ነው።»

«ዓይኑስ?»

«መስታወት ነው፤ ቡናማ።»

«ወዴት ያያል?»

«ወደ በሩ።»

«ምስኪን» ትልና ማለቧን ትቀጥላለች።

ሥዕሎቹንም እነግራታለሁ። አንድ ትልቅ የአውድማ ሥዕል ነበር፤ በሬዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ ሰማዩ ከላይ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እንዴት እንደሚነጣ፣ የትኛው ሰው መንሹን እንዳነሣ አንድ ሳልተው። እናቴ ለጎረቤቶቿ፣ «ሙዚየሙንማ አይቼዋለሁ፣ ልጄ ነግሮኝ» ትላለች። አንዴ ወንድሜ ለምን አንድ ቀን እሷ አትሄድም ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «እሷ ምን አጣች? ይኼ ልጅ ጭኖ ያመጣላት የለ እንዴ!» አለ። ኮራሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አሁን ሳስበው ያመኛል። መዝገበ ቃላት ገልጬ የወፍ ስም በላቲን የተማርኩ ሰው፣ አንዲት ላም ማለብ መማር አልችልም ነበር? የሰፈሩ ዘፈን ቢወጣልኝስ? በደንብ በነገርኳት ቁጥር መሄዷ አላስፈላጊ እየሆነ ሄደ።

እንዲህ እያለ እኔ ጎረመስኩ። እናቴ ዓይኗን ማሸት አበዛች። የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ እየዞረ ይወጋት ስለነበር በረፋዱ ፀሐይ ደጃፍ ትቀመጥና ወንድሜ በወረንጦ ይነቅልላታል። በሰፈራችን ብዙ ሴቶች የሚያደርጉት ስለሆነ ማናችንም ከቁም ነገር አልጣፍነውም። ስታልብ ጣቷን ማለቢያው ጠርዝ ላይ ታደርግ ነበር፤ ወተቱ ጣቷን ሲነካ ታቆማለች። ይህን አይቻለሁ። የንጽሕና ነገር መስሎኝ ቢከነክነኝም አልተናገርኩም። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታው ላይ ስለሆነ እጇ ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ክረምት እናቴ በብርድ በሽታ ተኛች። ቀይዋ ላም ጡቷ ተወጥሮ ስትጮኽ አባቴ ጨንቆት ባልቴቷን ጠራቸው። እሳቸውም ያንን የጥንት ቀልዳቸውን አልረሱትምና የእናቴን ቀሚስ ከግድግዳው አውርደው ለብሰው በረት ገቡ። ሁላችንም ርግጫውን ስንጠብቅ ላሚቱ አሸተተቻቸው፣ ቆመች፣ ሰጠች። ማለቢያው ሞላ።

እናቴ መኝታዋ ላይ ሆና ሲነግሯት፣ «ይኸው ነው እንዴ?» አለች።

አባቴ ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ፣ «ድርቆሹ ተሸጦ ሲያልቅ አንቺም ትሄጃለሽ» አላት።

በጥር ሄድን። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ባልቴቷ የእናቴን ሌላ ቀሚስ ለብሰው ከአጥሩ ሥር፣ «ባልሽን ይዘሽው ሂጂ፣ እኔ ላሟን ነው የምፈልገው!» እያሉ ሸኟት። መንገዱን ሁሉ ሳቋ አልጠፋም። ከአዲሱ ገበያ ስንወርድ ክንዴን ያዘች፤ የመኪናው ግርግር ስላስፈራት ነው ብዬ አሰብኩ። የሙዚየሙን ደረጃ ስትወጣ በጫማዋ ጫፍ እያንዳንዱን ትዳብስ ነበር።

ወፎቹ ጋ አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቺን እኔ ነኝ የተሸከምኳት።»

«ለካ ወገብህን ያጎበጠችው እሷ ናት!» አለች እናቴ፤ አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ዘበኛውም ሳቀ።

ከዚያ ስጠብቀው የኖርኩት ሰዓት ደረሰ። እጇን ይዤ ወደ ቀይ ቀበሮው ወሰድኳት፤ «ይኸው እማዬ» አልኳትና በደንብ እንድታይ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። እሷም ፊቷን አቅንታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«አቤት ሲተልቅ!» አለች። «እኛ አገር እንዲህ አይተልቅም ነበር።»

ወደምታይበት ዞሬ አየሁ። ከፊቷ የነበረው በቀጣዩ መስታወት ውስጥ ያለው ከርከሮ ነው።

ወንድሜ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቴን ሲያይ መልሶ ገጠመው። እናቴ ዝምታችንን ሰምታ እጇን ዘርግታ መስታወቱን ነካች፣ ወደ ጎን ዳበሰች። ዘበኛው ከሩቅ፣ «እናቴ፣ መስታወት አይነካም» አላት። «ይቅርታ ጌታዬ» ብላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«እማዬ፣ ዓይንሽ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እኔ እንጃ። መጀመሪያ ጭጋግ መስሎኝ ነበር። ሱሉልታ መቼ ጭጋግ ያጣል?»

«ምነው ሳትነግሪን?»

«ብነግራችሁ ማን ያመጣኛል?»

አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ትከሻዋን ይዤ ወደ ቀበሮው አዞርኳት። ከዚያ ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ እንደ ልማዴ ጀመርኩ፦ ጭራው፣ ጀርባው፣ የእግሩ ቅጥነት።

«የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው» አለች። «አውቀዋለሁ እኮ። በደጃችን ሲያልፍ እያየሁ ነው ያደግሁት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስነግርሽ?»

«አንተ ደስ ይልህ ነበራ።»

በረት በር ላይ ያሳለፍኳቸው ማታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ቀበሮ ላላየ ሰው የምነግር መስሎኝ፣ እኔ በመስታወት ውስጥ ያየሁትን እሷ በሜዳ ሲሮጥ ላየችው ስተርክ ነው የኖርኩት። የጎደላት የቀበሮ ጭራ አልነበረም። ከእኛ ጋር ከቤት መውጣት ነበር፤ ያንን ደግሞ ማንም ሊተርክላት አይችልም።

አባቴ፣ «ደክሟታል፣ እንመለስ» አለ። እሷ ግን፣ «ሥዕሉስ? ስንቁን ያዘጋጀሁት ለሁለቱም ነው» ብላ እንቢ አለች። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ዳቦውን ቆረስን፤ ከእኔና ከወንድሜ ይልቅ ደህና አድርጋ የበላችው እሷ ናት። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን።

የሥዕሉ አዳራሽ ከእንስሳቱ ይልቅ ብርሃን አለው። ከአውድማው ሥዕል ፊት አቆምኳት። በዚህ ጊዜ የምታይበትን አቅጣጫ አጣርቼ ነው። ሸራው ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ ከወገቡ በታች ሙሉ በሙሉ የገለባ ቢጫ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ በዓይኗ ጥግ ለማየት ፊቷን ወደ ግራ አዞረች።

«እማዬ፣ ይኼ ያ አውድማው ነው። በቀኝ በኩል በሬዎቹ...»

«ቆይ» አለች።

«ሰውየው መንሹን...»

«ቆይ፣ አትንገረኝ። እኔው ልየው።»

ዝም አልኩ። አባቴ ከኋላችን ቆመ፤ ወንድሜ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ክንዴን ለቃ አንዴ ጠጋ፣ አንዴ ራቅ ትላለች። የለበሰችው የክት ቀሚስ የታጠፈበት መስመር ገና በመሃሉ ይታያል፤ ከሳጥን ወጥቶ ብዙ አልተለበሰም። ተማሪዎች በቡድን መጡ፣ እየተጫወቱ አዩ፣ ወደ ሌላው ሸራ አለፉ። እሷ ግን ገና እየፈለገች ነበር።